ወደ ግሽ ዓባይ ስንሄድ የቃምሁት ቆሎ

በዚያ ቀን ማለዳ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ቃምሁ።

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ወሬ አይሆንም። ዕድሜዬን ሙሉ ቆሎ ስቅም ኖሬያለሁ፤ ጥርሶቼም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ያ ቀን ግን ግሽ ዓባይ የምንደርስበት ቀን ነበር። ከዓባይ ምንጭ አጥር ውስጥ የሚገባ ሰው ደግሞ እህል ውሃ ያልቀመሰ መሆን አለበት። ጠበሉን ለመቅዳትም ለመጠጣትም፣ ቀርቦ ለማየትም ቢሆን ሕጉ ይኸው ነው። መሪያችን ማታውን ደጋግሞ ነግሮን ነበር። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ሰምቼዋለሁ። ራስ መነቅነቅ አስተማሪ ሳለሁ ከርእሰ መምህራን ስብሰባ የተማርሁት ነገር ነው፤ ለመስማት ምንም አይጠቅምም።

ማለዳው ውርጭ ነበር። ካደርንበት የገበሬ ቤት ስንወጣ ሣሩ ነጭ ለብሷል። እጄን በረደውና ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ገባ። ኪሴ ውስጥ የትናንት ቆሎ ተርፎ ኖሯል። እጄና አፌ የቆየ ወዳጅነት አላቸው፤ እኔን ሳያማክሩ የሚፈጽሙት ብዙ ጉዳይ አለ። አንዲት ዳገት ወጥቼ ትንፋሼን ስሰበስብ ምላሴ ላይ ገለባ አገኘሁ። ቆምሁ። ልተፋ አልሁና የምተፋው ያችኑ ገለባ ብቻ ሆነ። ቀሪው ወርዷል።

ጀርባዬ ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ አንዲት ባዶ ጀሪካን ነበረች። ባለቤቴ የሰጠችኝ ናት። ከምንጩ ራሱ፣ ጾሜ፣ በገዛ እጄ ቀድቼ እንዳመጣላት ነበር የላከችኝ።

ባለቤቴ ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ቤታችን ውስጥ ተኝታለች። የደከመው ልቧ ነው። እግሯ ያብጣል፤ ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ታርፋለች፤ ጀርባዋን በትራስ ደግፈን ተቀምጣ ነው የምታድረው። ሆስፒታል ብዙ ተመላለስን። ሐኪሙ ደግ ልጅ ነበር። በመጀመሪያ እሷን እያየ ያናግራት ነበር፤ በኋላ በኋላ እኔን እያየ ማናገር ጀመረ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ለሁለታችንም በዚያው ገባን፤ ስለዚያ ግን አንነጋገርም ነበር። እኔ እቀልዳለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ትዳራችን ከጥንቱም የቆመው በዚህ ነው።

ሥራዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ነበር። ዓባይ ከየት እንደሚነሣ ለስንት ልጅ አስተማርሁ! ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አንዲት ነጥብ አደርግና «ይኸው ግሽ ዓባይ» እላለሁ። ከፍኖተ ሰላም ግሽ ዓባይ ሩቅ አገር አይደለም፤ በቡሬና በጥሊሊ በኩል የሚገባበት ነው። እኔ ግን ከነጥቧ በቀር አይቼው አላውቅም። አንድ ተማሪ አንድ ቀን እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ምንጩ ስፋቱ ምን ያህላል?» ቢለኝ «በቂ ነው፣ ተቀመጥ» ብዬዋለሁ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ያንኑ «በቂ ነው» ይዤ ኖርሁ።

በዚያ ዓመት፣ ሞባይል ስልክ ፍኖተ ሰላም ገብቶ ገጠሩን ገና ሳያዳርስ፣ የትምህርት ቤቱ የአገርህን እወቅ ክበብ ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት የእግር ጉዞ አሰናዳ። እኛንም ጡረተኞቹን ጨመሩን፤ መኪናው ባዶ ቦታ ስለነበረው ይመስለኛል። አውቶቡስ ወተት ዓባይ ድልድይ ድረስ ያደርሰናል። ከዚያ መሪ ይዘን የግልገል ዓባይን ዳር ዳር፣ በየጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኑ እየተሳለምን፣ ሽቅብ እስከ ምንጩ በእግራችን እንወጣለን። በሦስተኛው ቀን አውቶቡሱ ዞሮ ግሽ ዓባይ ይጠብቀናል።

ለባለቤቴ ያወራሁላት ለማሳቅ ነበር።

«እንደ ፈረንጅ ቦርሳ አዝዬ ወንዝ ለወንዝ ልዞር ነው፤ ባርኔጣ ስፊልኝ» አልኋት።

አልሳቀችም። «ሂድ» አለች።

«አንቺን ጥዬ?»

«እኅቴ ከደምበጫ ትመጣለች። ሂድና ከምንጩ ውሃ አምጣልኝ። በሰው እጅ የመጣ አልፈልግም፤ ገበያ የሚሸጠውንም አልፈልግም። በእግርህ ሄደህ፣ ጾመህ፣ በእጅህ ቀድተህ።»

«እኔ? ጾሜ?»

«አንተ ሆዳም፣ አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን እስከ ቀትር አፍህን ዝጋልኝ።»

«ቆይ እስቲ፣ ከመብሉ ነው ከወሬው የምዘጋው?»

ትራሷን ወደ ላይ ሳበች። ከዚያ ቀስ ብላ «እድናለሁ ብዬ አይደለም» አለች። «ሳትቀልድ የሠራኸው አንድ ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው።»

ጀሪካኗን ከጓዳ አውጥታ በሙቅ ውሃ አጥባ፣ አድርቃ፣ ክዳኗን በክር አሥራ የሰጠችኝ ራሷ ናት። ያን ለመሥራት ስንት ጊዜ ተቀምጣ እንዳረፈች በበሩ ስንጥቅ አይቻለሁ።

ጋሪዎቹ ዋናውን መንገድ ሳይሞሉት በማለዳ ተነሣን። ቡሬ ላይ ሻይ ጠጣን። ከጎኔ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር የነበረው ጓደኛዬ ነው። ከወጣትነታችን ጀምሮ አንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል፤ ስንሰዳደብ ነው ያረጀነው። እሱ እንደ ጎተራ ወፍራም ነው፣ እኔ እንደ ጎተራው አይጥ ቀጭን። ከኮሶበር አለፍ ስንል ጉዞው በእግር መሆኑን ገና እንደሰማ ሰው «እውነት በእግር ነው?» እያለ ሹፌሩን ይጠይቅ ነበር።

መሪያችን ወተት ዓባይ ድልድይ ላይ ጠበቀን። የሰከላ ገበሬ ነው፤ በልጅነቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምሮ፣ ዜማ ላይ ሲደርስ ሚስት አግብቶ ያቆመ። ወረዳው አሠልጥኖታል፤ አንገቱ ላይ በፕላስቲክ የተለበጠ መታወቂያ አንጠልጥሏል። በሥልጠናው የተማረው «ክቡራን እንግዶቻችን» ብሎ መጀመርን ነው። ይጀምርና ወዲያው ሥልጠናውን ይረሳዋል።

«ክቡራን እንግዶቻችን፣ ይህ ወንዝ ግልገል ዓባይ ይባላል... ኧረ አባ፣ በዚያ በኩል አይርገጡ፣ አረንቋ ነው!»

የረገጥሁት እኔ ነበርሁ።

በጥር ወር የግልገል ዓባይ ዳር ለዓይን መልካም ነው። ውሃው ጎድሎ ጠርቷል፤ ድንጋዩ ከሥር ይታያል። ዳርና ዳሩ ሾላና ዋንዛ ነው፤ ከዛፉ አለፍ ሲል አውድማ አለ፣ በሬ እህል ላይ ይዞራል፣ ገለባው በነፋስ እየተነሣ ወንዙ ላይ ይወርዳል። ገበሬዎቹ መንሻቸውን ተደግፈው ያዩናል። አንዱ «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» ብሎ ጮኸብን። መሪያችን «አገር ሊያዩ ነው!» ብሎ መለሰ። ሰውየው ትንሽ አሰበና «አገራቸው አይደለም እንዴ?» አለ።

መሪያችን አንድ ድካም ነበረው፤ ርቀት አያውቅም። «ስንት ቀረን?» ስንለው «ይቺው ናት» ይላል። ጓደኛዬ እግሩን አስጥቶ መሬት ላይ ሲዘረገፍም «ይቺው ናት»፣ ፀሐይ አዘቅዝቃ ስትገባም «ይቺው ናት»። ጓደኛዬ በሁለተኛው ቀን «ይህ ልጅ ጂኦግራፊ የተማረው ካንተ መሆን አለበት» አለኝ።

የተሳለምናቸው ቤተ ክርስቲያኖች ሁሉም በደን ውስጥ ናቸው። ከሜዳው ሲያዩት የቆመ ጥቁር ደመና ይመስላል፤ ሲገቡ ጽድና ዝግባ ነው፣ ጥላው ይቀዘቅዛል፣ ድምፅ ይቀንሳል። አንደኛው ውስጥ የድንጋይ ደወል አየን፤ ሰፊና ስስ ድንጋይ በጠፍር ተንጠልጥሏል። መሪያችን በሌላ ድንጋይ ሲመታው እንደ ብረት ጮኸ። ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ያረጀ ካብ አለ፤ ሐረግ ውጦታል።

«ክቡራን እንግዶቻችን፣ በጥናቱ መሠረት ይህ የጥንት ንጉሥ ሰፈር ነው» አለ መሪያችን፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባቶች ግን የበግ በረት ነው ይላሉ» አለ።

የዚያኑ ቀን የምንጩን ባለቤት የጻድቁን ታሪክ ነገረን። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ጻድቁ ለእስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጡ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ሲመለሱ ወንዙ አንዲት ገጽ ሳትርስ መለሰላቸው። እኔ ለተማሪ ያዋስሁት መጽሐፍ እንኳን ደርቆ፣ ርሶም ተመልሶልኝ አያውቅም አልሁ። ሁሉም ሳቀ። ሲሳቅልኝ ደስ ይለኛል፤ ይህን በሽታ ሐኪም አላገኘሁለትም።

አመሻሽ ላይ በደረስንበት ደብር አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ መስቀል አሳለሙንና «ታሞ የቀረባችሁ ሰው ካለ ስም ስጡኝ፣ በጸሎት አስበዋለሁ» አሉ። ከፊቴ የነበሩት ሰጡ። ተራዬ ሲደርስ የምላት ቀልድ አፌ ላይ ነበረች። አልወጣ አለችኝ፤ የባለቤቴም የክርስትና ስም አልወጣ አለኝ። መስቀሉን ስሜ አለፍሁ። ጓደኛዬ ከኋላ ሆኖ ያየኝ ነበር፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ አልሰደበኝም።

እንግዲህ በማግስቱ ነው ቆሎውን የቃምሁት።

ሌላ ሰው አላየኝም። መሪያችን ከፊት ነው፣ ጓደኛዬ ከኋላ ያለከልካል። የማውቀው እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን፤ ፈጣሪ ደግሞ ለመሪያችን አይነግርም። ወንዙ በቀኜ እየቀጠነ ሲሄድ እኔ ከራሴ ጋር ክርክር ገጠምሁ። ቆሎ ምግብ ይባላል ወይ? እንጀራ አይደለም፣ ወጥ አልነካውም። ደግሞስ ሳያስቡ የበሉት እንደ በሉት ይቆጠራል? ሕፃን ቢበላ ማን ይከሰዋል? ሽማግሌስ ከሕፃን በምን ይሻላል? በጥርስ እንኳ ሕፃን ይሻለዋል። ጥሩ ጠበቃ ነበርሁ፤ ችግሩ ዳኛውም እኔው መሆኔ ነው፣ ፍርዱም አላማረም።

ሰከላ ውስጥ እየገባን ስንሄድ ወንዙ በአንድ እርምጃ የሚሻገሩት ሆነ። ጥጃ መሃሉ ቆሞ ሲጠጣበት ውሃው ጉልበቱ ላይ አይደርስም። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይላሉ፤ ያን ቀን ዓባይን እያየን ወደ ምንጭ ስናሳንሰው ዋልን። እኔ ግን ሐሳቤ ከወንዙ አልነበረም። «ሳትቀልድ የሠራኸው አንድ ነገር ይኑረኝ» ያለችው ጆሮዬ ላይ ነው። ያ አንድ ነገር ይኸው ኪሴ ውስጥ ገለባ ሆኖ ቀረ።

በሌላ ቀን መመለስ አይቻልም ወይ የሚለኝ ይኖራል። አስቤው ነበር። እዚያው አድሬ በማግስቱ ጾሜ ልግባ ብል፣ አውቶቡሱ ይሄዳል፣ ስልክ የለም፣ ማታ እመጣለሁ ያልኋት ሴት በትራስ ተደግፋ በሩን ስታይ ታድራለች። ያ ልብ ሌሊቱን በሐሳብ ይደር ብዬ የምወስን ሰው አልነበርሁም።

ቀትር ሳይሆን ደረስን። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ረግረግ ሜዳ አለ፤ ምንጩ በእንጨት አጥር ተከልሎ እዚያ ነው። ጠበልተኛው በየጥጉ ተቀምጧል፣ ጀሪካንና ቅል ይዟል። በመጀመሪያ ወንዶች ይገባሉ፣ ሴቶች ቀጥሎ። መሪያችን በሩ ላይ አሰለፈን።

«ክቡራን እንግዶቻችን፣ ጫማ ይወልቃል። የቀመሰ ካለ እዚሁ ይቆይ፤ ማፈር የለም።»

«እኔ ቀምሻለሁ» አልሁ።

ሳቁ ሆነ! ከፊት ያሉት ዞረው ሳቁ፤ ከኋላ ያሉት ምን እንዳልሁ ሳይሰሙ ሳቁ።

«ተዉት፣ ይህ ሰው ሲገነዙትም ይቀልዳል» አለ ጓደኛዬ። «ና ግባ!»

«የእውነቴን ነው። ጠዋት ቆሎ ቅሜያለሁ።»

«ቆሎ? በየትኛው ጥርስህ?»

ያን ጊዜማ መሪያችን ራሱ አፉን በጋቢው ሸፈነ። ሳቁ ጋብ ሲል ግን ቀረብ ብሎ «አባ፣ እየቀለዱ ነው ወይስ የምርዎትን ነው?» አለኝ።

እዚህ ላይ ትልቁ ፈተና መጣ። እውነቱን ተናግሬያለሁ፤ ያላመኑት እነሱ ናቸው። ብገባ ጥፋቱ የማን ነው? የዕድሜ ልክ ቀልዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠቅመኝ ነው ማለት ነው! እውነቱን ለመሸሸግ ውሸት እንኳ አላስፈለገኝም። ጎንበስ ብዬ የግራ ጫማዬን አወለቅሁ። ሣሩ ቀዝቃዛ ነበር። ባለቤቴ ውሃውን ስትጠጣ ታየችኝ፤ በሁለት እጇ ይዛ፣ እኔን በጽዋው ጠርዝ በኩል እያየች። እሷ እንደሆነች ታምነኛለች። አምናኝ ትጠጣዋለች።

ጫማዬን መልሼ አደረግሁ።

«የምሬን ነው» አልሁት መሪያችንን። «አንተ አስገባቸው፣ እኔ እዚህ እቆያለሁ።»

ጓደኛዬ ፊቴን አይቶ ሳቁ ጠፋ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ከኋላ ሰልፉ ገፋውና ገባ። ጀሪካኔን ልሰጠው አላሰብሁም፤ ማሰብ የሚባለው ነገር ያን ጊዜ ከእኔ ጋር አልነበረም። አጥሩ አጠገብ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ጀሪካኗን እግሮቼ መሃል አስቀመጥሁ። ከውስጥ የውሃ ድምፅና ጸሎት ይሰማል። ያን ሁሉ ዘመን በጠመኔ ያሳየሁት ነጥብ ከአጥሩ ወዲያ ነበር።

«ምነው ወንድሜ፣ ከደጅ ቀሩ?»

አንዲት ሴት ናት። የሴቶቹን ተራ እየጠበቀች ከጎኔ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታለች፤ ጉልበቷን በእጇ ታሻለች።

«ቀምሼ ነው» አልኋት።

«ምን ቀመሱ?»

«ቆሎ።»

አልሳቀችም። የማታውቀኝ ሰው ስለሆነች አመነችኝ። ይህን ያህል ዘመን ስኖር እንዲህ በአንዴ ያመነኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

«አዪ! ልጅ ነዎት እንዴ?» አለች። «ይህን ሁሉ አገር መጥተው?»

«ልጅስ ሥርዓት አለው።»

«ለራስዎ ነው ለሰው?» ጀሪካኗን በአገጯ እያመለከተች።

ነገርኋት። ስለ ልቧ፣ ስለ እግሯ፣ በትራስ ተደግፋ ስለማደሯ ነገርኋት። ጾመህ በእጅህ ቅዳልኝ እንዳለችኝ ነገርኋት። መሃል ላይ ለማሳቅ አንዴ ሞክሬ ነበር፤ አላገዘችኝም። እሷ ስትሰማ እኔም ሳልቀልድ ማውራት ያዝሁ። ለሐኪሙ ያልተናገርሁትን ለእሷ ተናገርሁ፤ ትሞትብኛለች አልሁ። ቃሉን በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

ወንዶቹ መውጣት ጀመሩ። ሴትዮዋ ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና እጇን ዘረጋች።

«አምጡት።»

«በእጄ ነበር የፈለገችው።»

«በእጅዎማ ቆሎ ይዘውበት የለም? አምጡት። እኔ ከትናንት ጀምሮ አልቀመስሁም፤ ከቡሬ የመጣሁት ለዚህ ለጉልበቴ ነው። አንድ ጀሪካን ብጨምር አይከብደኝም።» ከዚያ ዞር ብላ «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

ትናንት ከቄሱ ፊት የጠፋኝ ስም ያን ጊዜ መጣልኝ። ነገርኋት። እንዳትረሳው በከንፈሯ እየደጋገመችው ገባች።

ከአጥሩ ውጭ የታየኝ የነጠላዋ ጫፍ ብቻ ነበር። ስትመለስ የቀሚሷ ጠርዝ ርሷል፣ ጀሪካኗ ሞልታለች፣ ክዳኗም እንደነበረች በክር ታስራለች።

«ስሟን ጠርቼ ነው የቀዳሁት» አለች። «እንግዲህ ካነሣሁት ስም አልጥለውም፤ በጸሎቴ አስባታለሁ። እርስዎ አንድ ነገር ያድርጉልኝ።»

«ምን ላድርግልዎት እትዬ?»

«ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሩቅ አይደለም። እኔ ቡሬ ከገበያው በላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን አልጠፋም፤ በየእሑዱ ከቅዳሴ ስወጣ በሴቶች በር በኩል ካለው ግንድ ላይ ነው የምቀመጠው። ከዳነች መጥተው ዳነች ይበሉኝ። ካልዳነችም ይንገሩኝ። ለጤናዋ ልለምን ወይስ ለነፍሷ፣ እንድለየው።»

«እነግርዎታለሁ» አልሁ። ሳልቀልድ ነው ያልሁት።

በጥሊሊ አድርገን ስንመለስ ጓደኛዬ ከጎኔ ተቀምጦ እግሩን ሲያሽ መጣ። ቡሬን ካለፍን በኋላ «ምንጩ አንድ እንስራ አታህልም» አለኝ፤ ማጽናናቱ ነበር። «እንኳን አላየሃት። በቂ ነው ያልኸው ውሸት እንዳይሆን።»

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ እንደተውኋት ትራስ ላይ ተደግፋ ነበር። እኅቷ ወጣችልን። ጀሪካኗን ጭኗ ላይ አስቀመጥሁላት። በሁለት እጇ ያዘቻትና ቀና ብላ አየችኝ።

«በእጅህ ቀዳኸው?»

አሁንም የሚያውቅ የለም። ውሃው ያው የምንጩ ውሃ ነው። አዎ ብል ምን ይጎድላታል?

«አልቀዳሁትም» አልሁ። «ጠዋት ሳላስበው ቆሎ ቃምሁ። ከደጅ ቀረሁ። አንዲት የቡሬ ሴት ቀዳችልሽ።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ ሳቅ ነው። ደረቷን ይዛ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ብዙ ዘመን ላስቃት ስደክም እንዲያ ስቃልኝ አታውቅም።

«ቀዳሁት ብትለኝ ነበር የምጠራጠረው» አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ። ከዚያ «ቁጭ በልና ንገረኝ፤ ሁሉንም፣ ከድልድዩ ጀምረህ» አለች።

ነገርኋት። ስለ ወንዙ፣ ስለ ደኑ፣ ስለ ድንጋዩ ደወል፤ ጫማዬን አውልቄ እንደገና እንዳደረግሁ። ለዚያች ሴት ትሞትብኛለች እንዳልሁም ነገርኋት። እጄን ያዘችው። ስለሞቷ የተነጋገርነው ያን ማታ ነው፤ ቀስ ብለን፣ እንደ ሌላው የቤት ጉዳይ፣ የት ብትቀበር እንደምትወድ ሳይቀር። በመጨረሻ ክሩን ፈትቼ ቀዳሁላትና ጠጣች።

ከዚያ በኋላ ሁዳዴን አለፈች፣ ፋሲካን አብረን ዋልን። በየጠዋቱ ከጀሪካኗ አንድ አንድ ጉንጭ ትቀምስ ነበር፤ ውሃው ሳያልቅ፣ ዝናቡ ሳይገባ አረፈች። የቀረውን እኅቷ የመቃብሯ አፈር ላይ አፈሰሰችው።

ወደ ቡሬ መሄድ የነበረብኝ ከአርባዋ በኋላ ነው። ለአርባዋ የመጣው ጓደኛዬ «እሑድ አብረን እንሂድ» አለኝ፤ ጉልበቴን አመመኝ አልሁት። ከዚያ ክረምት ሆነ፣ መንገዱን ጭቃ ነው አልሁ፤ መንገዱ አስፋልት መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ በቡሬ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ። አውቶቡሱ ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይወጣል። ከገበያው በላይ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች በመስኮት ይታያሉ። አንድ እሑድ እንዲያውም ወርጄ እስከ ቅጥሩ በር ሄጃለሁ። ቅዳሴ እየወጣ ነበር። ነጭ የለበሰው ሰው መሃል ገብቼ ወደ ሴቶች በር ማየት አቃተኝና ተመለስሁ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እዚህ ፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎ ጨርሷል፤ ስሟን የሚያነሣም ሲያነሣ ነበረች እያለ ነው። ቡሬ ላይ ግን አንዲት ሴት ጉልበቷን እያሻሸች፣ በክርስትና ስሟ እየጠራች፣ ማርልኝ፣ አስነሣልኝ እያለች ትለምንላታለች። የባለቤቴ ስም ከሕያዋን ጋር የሚጠራበት ቦታ ያ ብቻ ነው። ሄጄ ብነግራት እዚያም ይቋረጣል።

ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «የለመነችህ እኮ ትልቅ ነገር አልነበረም» አለኝ። እውነቱን ነው። ነፍሷ ጸሎት ቢቀርባት የምጠየቀው እኔ ነኝ። የዚያች ሴት ጉልበትም እንደ ድሮው አይሆንም፤ እሷም እንደኔ አርጅታለች፣ ምናልባት በሕይወት ካለች። አረፈች የምትል አንዲት ቃል አለችብኝ፤ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።